ሰኞ ሰኞ አልነሳ ያለው ሞተር

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። በሞተር ጥገና ቤቱ ቢሮ ውስጥ ማህተም ስመታ አስራ አራት ዓመቴ ነው፤ ሰው ሁሉ "እትዬ ማህተም" ነው የሚለኝ፤ እስከ ዘንድሮ ድረስም ማህተሜ ማንንም በድሎ አያውቅም ነበር። የዚህች ልጅና የዚያ አይናገሬ ነገር ግን በኔው እጅ ገደል ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሙሉ ጥፋቱን ታዲያ ለኔ ብቻ እንዳታሸክሙኝ፤ ዳኛውም አሉበት፣ መስታወቱም አለበት።

አይናገሬ የምንለው የሞተሮቻችንን ኤሌክትሪክ የሚሠራው ልጅ ነው። ሞተር ሲያነጋግር እንጂ ሰው ሲያነጋግር አይታይም። ጆሮውን ባትሪው ላይ ደገፍ አድርጎ "እህ፣ የቱ ጋ ነው ያመመህ?" ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ለሰው ግን "እሺ" እና "ነገ" ከሚሉት ሌላ ቃል የፈጠረለት አይመስልም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይሄ ልጅ ግን ዝም እንዳለ ሊነቅዝ ትንሽ ነበር የቀረው። ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነው፤ መልኩ ደህና ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር ዘይት ነው።

ያቺ ልጅ፣ ዶክተሯ፣ ወደ በራችን የመጣችው ሞተሯን እየገፋች ነው። የከብት ሐኪም ናት። አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ቤታቸው አጥሩ ከጎረቤት ቤት ጣሪያ የሚበልጥ ነው። ከመንደር መንደር እየዞረች የምታክምበትን ሞተር በገዛች በሁለተኛው ቀን፣ የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ሳይላጥ፣ ላብ በላብ ሆና ደረሰች።

የኛ ቤት ሥራ በወረቀት ነው። ደንበኛው ከላይ ቅሬታውን ይጽፋል፤ ባለሙያው ከሥር የሠራውን ይጽፋል፤ ሲያበቃ እኔ ቀዩን ማህተም አሳርፍበታለሁ። ማህተሙ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "አልቋል።" ጥገናው አልቋልና ሞተርዎን ይውሰዱ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ልጅቷም ጻፈች፦ "አዲስ ነው። ማስነሻውን ብጫነው ብጫነው ትንፍሽ አይልም።" አይናገሬ መጣ፣ አየ፣ መሪው ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ በአውራ ጣቱ ጠቅ አደረገና ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሩ ተነሳ። የልጅቷ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሌላው ባለሙያ ቢሆን ሲስቅባት ይውል ነበር፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦ "ቀዩ ማጥፊያ ተዘግቶ ነበር፤ ተከፈተ። አይዘኑ። እኔም በመጀመሪያ ቀኔ በዚሁ ምክንያት ግማሽ ቀን ገፍቻለሁ።" አፉ የማይለውን እጁ ይጽፋል ለካ። ልጅቷ አንብባ ቀና አለችና አየችው፤ እሱ ደግሞ ጫማዋን አየ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። "አሁንም ዝም ይላል። ቀዩን አይቻለሁ፣ ክፍት ነው።" እሱ መለሰ፦ "ማርሽ ገብቶ የጎን መቆሚያው ሳይታጠፍ ቀርቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን አይነሳም፤ እርስዎን እንዳይጥል ብሎ ነው ዝም የሚለው።" በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ ጻፈች፦ "ዛሬስ ዝም አላለም፤ ጣ ጣ ጣ ይላል እንጂ አይነሳም። እርስዎስ ደህና ሰነበቱ?" መልሱ፦ "የባትሪው ማሰሪያ ብሎን ላልቶ ነበር፤ ጠበቀ። እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ?"

ያቺን "አንቺ" ሳይ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" ለመሻገር ሰው ስንት ወር ይፈጅበታል፤ የኛ ልጅ በአንዲት ብሎን ተሻገረ።

የሰው ወረቀት ታነቢያለሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ አነባለሁ። ሳላነብ ማህተም የምመታ ሰው አይደለሁም። አንድ ቀን ብቻ ሳላነብ መታሁ፤ የጉዱ ሁሉ ምንጭ ያ ቀን ነው።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በሽታው ወደ ባትሪው ዞረ። ማክሰኞ ደህና፣ ሐሙስ ደህና፣ ቅዳሜ ደህና፤ ሰኞ ጠዋት ባትሪው ባዶ። አይናገሬ ሞተሩን አስነስቶ ለካው፤ አስራ አራት ቮልት፣ ባትሪውን በደንብ ይመግበዋል። አጥፍቶ ለካው፤ በየትኛውም ገመድ ኤሌክትሪክ አይሾልክም። ባትሪውን ራሱን ጠርጥሮ በአዲስ ለወጠው፤ አዲሱም በሰኞው ሞተ። እኔ በበኩሌ ልጅቷ እሱን ለማየት ሆን ብላ ነው የምታደርገው ባይ ነበርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እሱ ግን ሌላ ነገር አይቷል። ሞተሩን ለመሞከር ሲቀመጥበት ሰኞ ሰኞ ሁለቱ መስታወቶች ወደ ላይ ዞረው ያገኛቸዋል። ልጅቷ አጭር ናት፤ መስታወቱ የተስተካከለው ለረጅም ሰው ነው። አንድ ሰኞ ቢሆን ነፋስ ነው ይባላል፤ ሦስት ሰኞ ሲሆን ግን ሰው ነው። እሁድ እሁድ በሷ ሞተር ላይ የሚቀመጥ ረጅም ወንድ አለ ማለት ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። "ምነው?" ስለው "ምንም" አለኝ። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ የሱ በመስታወት ገባ።

በዚያ በሦስተኛው ሰኞ ሰላምታም ሳይጨምር "ባትሪ ተሞላ" ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለና ሄደ። ልጅቷ ወረቀቱን አነሳች፣ ከሥሩ የሆነ ነገር ጨመረችና "ለእሱ ይስጡልኝ" ብላኝ ሞተሯን ልታወጣ ወጣች። የዚያን ዕለት ታዲያ የጥርስ ሕመም አንድ ጉንጬን ሁለት አድርጎታል፤ የምሰማውም የማየውም የለኝም። ያለቀ ወረቀት መሰለኝ። ማህተሜን አነሳሁ፣ ዷ አደረግኩበት፣ ተመልሳ ስትመጣም ለራሷ ሰጠኋት። አየችው። አጠፈችው። ኪሷ ከተተችና ወጣች።

ምን ብላ እንደጻፈች እኔ ያወቅኩት ኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፦ "አባቴ ሩቅ አገር ትልቅ ሹመት አስገኝቶልኛል። ከዚህ ሊያርቀኝ ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር? የእኔና ያንተ ነገር ምን ላይ ነው?" ከሥሩ በቀይ፦ "አልቋል።"

ሁለት ሰኞ አልመጣችም። አይናገሬ በሁለቱም ሰኞ ካቻቢቴውን ይዞ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ዋለ። የአንዱን ደንበኛ ፊውዝ በሌላው ደንበኛ ሞተር ላይ ገጥሞ እኔ ነኝ የደረስኩበት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት ጭነት መኪና ግቢያችን ገባች። ከኋላ የልጅቷ ሞተር ታስሮ ተጭኗል፤ ከፊት ልጅቷ አለች፤ ከጎኗ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሱ ረጅም አዛውንት ወረዱ። ዳኛው ናቸው። አለቃችን ከቢሮው ሮጦ ወጣ፤ ወንበር አስመጣላቸው፤ አልተቀመጡም።

"የመጣሁት ቅሬታ ለማስመዝገብ ነው" አሉ። "ልጄ ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ሹመቷን መቀበሏን በደብዳቤ ማሳወቅ አለባት። ደብዳቤው ተፈርሞ ኪሷ ውስጥ ነው። በሞተሯ ልታደርሰው ስትነሳ ሞተሩ እንደ ልማዱ አልነሳም አለ። ይህ ሞተር ሰኞ ሰኞ ይሞታል። ሰኞ ሰኞ ልጄ እዚህ ትመጣለች። እዚህ ደግሞ አንድ ወጣት አለ። ሦስቱን ነገሮች ማያያዝ ሕግ መማር አይፈልግም።"

"ሆን ብሎ ያበላሸዋል ማለትዎ ነው?" አለ አለቃችን።

"ማስረጃው ነው የሚለው።"

አለቃችን ወደ አይናገሬ ዞሮ፣ ክቡር ዳኛው ይህን ቅሬታ ከፈረሙ ዕቃህን ሰብስብ አለው።  የልጁ ዓይን ልጅቷ ላይ ነው። ልጅቷ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጎማ ማስታወቂያ ፊደል ትቆጥራለች። 

ሞተሩ ወረደ። አይናገሬ መቀመጫውን አንስቶ ባትሪውን ለካ፤ ባዶ ነው። ሙሉ ባትሪ አምጥቶ ገጠመ፤ ሞተሩ በአንድ ንክኪ ተነሳ። አስራ አራት ቮልት። አጠፋው፤ የሚሾልክ የለም። "ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለ ቀና ብሎ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጅቷን ሳያይ፣ "እሁድ እሁድ ሌላ ሰው ይነዳዋል?" አላት።

"ማን ይነዳዋል? ቅዳሜ አቆመዋለሁ፣ ሰኞ አነሳዋለሁ።"

"መስታወቱ የሚዞረው ለረጅም ሰው ነው።"

ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። "ምን ልትል ነው? እኔ ረጅም ሰው አለኝ?"

"እኔ አላልኩም። መስታወቱ ነው ያለው።"

ዳኛው አሳላቸው። ሳሉ ቶሎ አልቆመም።

አይናገሬ ወደሳቸው ዞረ። "ክቡርነትዎ፣ ሞተሩ ቤት ሲቆም እንዴት ነው የሚቆለፈው? አይተውት ከሆነ ያሳዩኝ።" ዳኛው "እኔ ምን አውቄ" እያሉ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን በመቀመጫው ላይ አሳለፉ። የማያውቅ ሰው እንደዚያ አይወጣም። ልክ ቦታቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ መስታወቶቹ ፊታቸውን ወለል አድርገው አሳዩ፤ አንዱንም መንካት አላስፈለጋቸውም። መሪውን አዞሩ፣ ቁልፉን ወደታች ተጭነው ቀጭ ቀጭ አድርገው ነቀሉት። የኋላው ቀይ መብራት በራ፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ሆኖ መብራቱ እንደበራ ቀረ።

እኔ አየሁት። አይናገሬም አየው። ልጅቷ ከፊት ለፊት ስለነበረች አላየችም። ሰው ስሙን ለማጥራት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ያገኛል? ጣቱን መቀሰር ብቻ ነበር የቀረው። እሱ ግን ቀስ ብሎ ሄዶ መብራቱን በሰውነቱ ጋርዶ ቆመ። "ይበቃል፣ ቁልፉን ይስጡኝ" አላቸው። ከወረዱ በኋላ መልሶ አጠፋውና እንዲህ አለ፦

"ጥፋቱ የኔ ነው። የዚህ ሞተር ቁልፍ መሪውን ሲቆልፍ አንድ ደረጃ ነው የሚዞረው። አንድ ደረጃ ካለፈ ግን መሪውም ይቆለፋል፣ ቁልፉም ይነቀላል፣ የኋላ መብራቱ ግን እንደበራ ያድራል፤ መንገድ ዳር ለሚያቆም ሰው የተሠራ ነው። ጠዋት ባትሪው ያልቃል፣ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፣ ማንም አያውቅም። ይህን ለደንበኛዋ በመጀመሪያው ቀን ማስረዳት ነበረብኝ። የማንም እጅ ሊያልፍ ይችላል።" ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወረቀቱ ላይም "ጥፋቱ የባለሙያው" ብሎ ጽፎ ፈረመና ለዳኛው ከነብዕሩ አቀበላቸው።

"የኔ እጅ አላለፈም" አለች ልጅቷ። "እሁድ ቁልፉን ነክቼው አላውቅም።"

 ዳኛው ብዕሩን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ፈርጃለሁ" አሉ። "ጥፋተኛ ሲክድ በየቀኑ አይቻለሁ። ንጹሕ ሰው የሌላውን ጥፋት ሲያምን ግን ዛሬ ነው ያየሁት። መብራቱን በሰውነትህ ጋርደህ ነው የቆምከው። በመስታወቱ ሳይህ ነበር።"

"አባዬ?" አለች ልጅቷ።

"እሁድ ከምሳ በኋላ" አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ "አንቺ ጋደም ስትዪ... ትንሽ እቀመጥበታለሁ።"

"ተቀምጠህ ምን ታደርጋለህ?"

"እነዳለሁ።"

"የት?"

"የትም። ቆሞ ነው። ፍሬቻውን አበራለሁ፣ ፍሬኑን እይዛለሁ። ስጨርስ ሸራውን አለብሰዋለሁ።"

"ታዲያ እኔ የሞተሩን ድምፅ እንዴት አልሰማሁም?"

"አላስነሳውም እኮ" አሉና ከረባታቸውን አስተካከሉ። "ድምፁን በአፌ ነው።"

አለቃችን ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። እኔ መሐረቤን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ አባቷን እንደ አዲስ ሰው ነበር የምታያቸው።

"በሃያ ዓመቴ ሞተር ልገዛ ነበር" አሉ ዳኛው። "አባቴ፣ የኛ ቤት ልጅ ከሞተረኛ ጋር ዘይት ለዘይት አይውልም አሉኝ። ተውኩት። እስካሁን ድረስ እንደተውኩት ነው።" ከዚያ ወደ አይናገሬ ዞሩ። "አንተን ሳላውቅህ ፈርጄብህ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።"

"ምንም አይደል" አለ እሱ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነው" አለች ልጅቷ።  "ሦስት ሳምንት ሙሉ ያኮረፍከኝ በአባቴ ነው? እሺ፣ እሱ ይቅር። ስጠይቅህስ? ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ስጠይቅህ ባንዲት ቃል መለስክልኝ።" ከኪሷ ሦስት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት።

እሱ አነበበ። እንደገና አነበበ። "ይህን አላየሁትም" አለ። እኔ በትከሻው ላይ አሾልቄ ሳይ ጥያቄዋን አየሁ፤ ከሥሩ የገዛ ማህተሜን አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"የኔ ልጅ" አልኳት፣ "እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ለእሱ ይስጡልኝ ብለሽኝ ነበር፣ አልሰማሁሽም። አልቋል ማለት ባትሪው መሞላቱ አልቋል ማለት ነው። እናንተ አልጀመራችሁም እንኳ፤ እንዴት ብሎ ያልቃል?"

 ልጅቷ ወደ አይናገሬ ዞረች። "ታዲያ ቢደርስህ ኖሮ" አለችው ቀስ ብላ፣ "ምን ብለህ ትመልስልኝ ነበር?"

አይናገሬ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ድጋሚ ጠረገው። ብዕሩን ሊያነሳ ወደ ጠረጴዛው ሲዘረጋ ልጅቷ ቀደመችውና አነሳችው። "በአፍህ" አለችው።

"አንቺ ሳትመጪ ሰኞ ሰኞ አልነበረም" አለ። ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። "ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተርሽ ደህና እንዲሆን እጸልያለሁ፤ እሁድ ደግሞ እንዲበላሽ እጸልያለሁ። ምን ዓይነት ባለሙያ ነው እንዲህ የሚጸልየው? አትሂጂ ልልሽ ፈልጌ ነበር። ከዚያ እጄን አየሁ፣ ቤታችሁን አየሁ፣ መስታወቱን አየሁ፤ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት። እወድሻለሁ። ብትሄጂም እወድሻለሁ።"

ይህን ሁሉ በአባቷ ፊት ነው ያለው። የዶክተሯ ዓይን ሞላ፤ አልጠረገችውም።

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። "አስር ተኩል ሆኗል" አሉ። "ሹመቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ልክ ነበርኩ ብዬ አልከራከርም። ደብዳቤውን መስጠትም መተውም ያንቺ ነው። እኔ ዛሬ ከፍርድ ወንበር ወርጃለሁ።"

ከዚያ በኋላ አይናገሬ ያደረገውን ስነግራችሁ አሁንም ያናድደኛል። ሌላው ቢሆን አንዲት ፊውዝ ደብቆ "ዛሬ አይደርስም" ይል ነበር። ይሄ ሞኝ ግን የባትሪውን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ አጠበቀ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፣ መቀመጫውን ገጠመ፣ መስታወቶቹን ለአጭር ሰው አወረዳቸው። ሊወስዳት የሚችለውን ሞተር ያን ያህል አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም። "ዝግጁ ነው" ብሎ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠና ወደ ጥገናው ክፍል ጥግ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን።

ልጅቷ ተቀመጠች። ማስነሻውን ተጫነች። ሞተሩ ጣ እንኳ ሳይል በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ድምፁ ያማረ ነበር፣ ጠላሁት። መቆሚያውን አጠፈች። የግቢው በር ክፍት ነው፤ ከበሩ ወዲያ መንገዱ ነው፤ ደብዳቤው ደረት ኪሷ ውስጥ ነው። ዳኛው ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። 

ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ።

አይናገሬ ከጥጉ እየሮጠ መጣ። አንድ እጁ ላይ መለኪያው ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ተንበርክኮ ወደ ባትሪው እየተዘረጋ "ምን ሆነ? የቱ ጋ ቆመ? ማሰሪያውን እኮ አጥብቄዋለሁ" አለ።

ልጅቷ መለኪያውን ከእጁ ወሰደችና በዘይት የጠቆረውን እጁን ያዘች።

"አልተበላሸም" አለችው። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"